የሚያናግር ሙዚየም



ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አሮጌ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥበትን ጸጥ ያለ ቤት ነው። ጎብኚው ዕቃውን ያያል፤ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ያነባል፤ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ቤት አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ የሚመለስበት ምክንያት የለውም። ጎብኚው እንዲመለስ ከተፈለገ ሙዚየሙ ሊያናግረው፣ እርሱም የሚለውን ሊሰማ ይገባል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጋባ ታክሲ ይዛችሁ በካንሳንጋና በካባላጋላ በኩል ከተማ ከገባችሁ፣ በኪራ መንገድ ላይ የዩጋንዳ ሙዚየም ይገኛል።

ሙዚየሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1908 በአሮጌው ካምፓላ ኮረብታ ላይ ነው። በቅኝ ገዥዎቹ ዘመን ከየአካባቢው ከተሰበሰቡት ዕቃዎች መካከል የባህላዊ አምልኮ ዕቃዎች ስለነበሩበት የአገሬው ሰው «ኤንዩምባ ያ ማየምቤ» ይለው ነበር፤ የአስማት ዕቃ ቤት እንደማለት ነው። ሰው የሚፈራው ቤት ደግሞ ጎብኚ አይኖረውም።

ፍርሃቱን ለማስለቀቅ ብዙ የረዳው ሙዚቃ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙዚየሙን የመራው ክላውስ ዋክስማን የሙዚቃ ተመራማሪ ነበር፤ በየመንደሩ እየዞረ ዜማ በድምፅ መቅጃ ቀርጿል። መሣሪያዎቹም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ብቻ አልቀሩም፤ ሙዚቀኞች በጎብኚዎች ፊት ይጫወቱባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዚየሙ ወደ ኪታንቴ ኮረብታ ሲዛወር ሕንጻውን የነደፈው ኤርንስት ማይ ነው። ዋክስማን በሂትለር ዘመን ከጀርመን ወጥቶ ዩጋንዳ የገባ ነበር፤ ማይም በዚያው ምክንያት ወደ አገሩ መመለስ ያልቻለ ሰው ነው። ሁለቱም ስደተኞች ነበሩ ማለት ነው። ይህንን አስጎብኚው ባይነግራችሁ እናንተ ንገሩት።

የዩጋንዳን የሙዚቃ መሣሪያዎች ስታዩ አንዳንዶቹ እንግዳ አይሆኑባችሁም። ኤንዲንጊዲ የሚባለው አንድ ክር ብቻ ያለው፣ በደጋን የሚጫወቱት መሣሪያ የማሲንቆ ዘመድ ይመስላል። ኤንዶንጎን ያየም ክራርን ማስታወሱ አይቀርም። ይህን ለአስጎብኚው ብትነግሩት ከወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ተጨመረ ማለት ነው፤ እርሱም በበኩሉ የማታውቁትን ይመልስላችኋል።

ከአገራችንም አንድ ምሳሌ እናንሳ። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ካስጎበኙት መካከል በዚያ ዘመን ታስረው የተረፉ ሰዎች ነበሩበት። በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የሟቾች ፎቶግራፎች፣ እነርሱን ከሚያውቅ ሰው አፍ እየሰሙ ማየት ጽሑፍ ከማንበብ እጅግ ይለያል። ወላጆች፣ እናንተም ለልጆቻችሁ እንዲህ ያላችሁ አስጎብኚዎች ናችሁ።

ይህን በቤታችሁ ለመሞከር ምጣድን እንውሰድ። በሙዚየም ወረቀት ላይ «የሸክላ ምጣድ፤ እንጀራ መጋገሪያ፤ ኢትዮጵያ» ተብሎ ቢጻፍ ስህተት የለውም፤ ነገር ግን ምንም አልተነገረም። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ለምን እንደማይጋገርበት፣ በጎመን ዘር እንዴት እንደሚታሰስ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ለምን እንደሚበላሽ የምታውቀው እናት ናት። ጋባ የተወለደ ልጅ ይህን ካልጠየቀ ዕቃው ቢኖር እንኳ ስሙ ብቻ ይቀርለታል፤ ስሙንም የረሱ ልጆች አሉ።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ። ጀበና፣ ሞሰብ፣ ነጠላ፣ መስቀል፣ መቁጠሪያ፣ የአያት ፎቶግራፍ፣ ማንኛውም ይሆናል። ስሙን ከጻፋችሁ በኋላ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደያዘው፣ በጉዞ ላይ ለምን እንዳልተጣለ ጠይቁ። የነገራችሁን ሰው ቃል እንዳለ ጻፉ፤ አታሳምሩት። ዕቃው ተጥሎ የመጣ እንደሆነም ስለ ተጣለው ጻፉ። አባት ወይም እናት መናገር ካልፈለጉ ግን አታስጨንቋቸው፤ ሌላ ዕቃ ምረጡ።

ወረቀቶቹን ለአማርኛ መምህራችሁ ስጡ፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ከእያንዳንዱ ሥር ባዶ ወረቀት ይኖራል፤ ያነበበ ወላጅ «በእኛ አገር እንዲህ አይደለም» የሚለው ካለ እዚያው ይጻፍበት። ዕቃውን ራሱን ግን አታምጡ፤ ሸክላ የታክሲ ግፊያ አይችልም።