ሕመም ያቋረጠው መጠጥ

ሐረር ውስጥ በሽተኛ ሲጠየቅ የሚባለው የታወቀ ነው። «አላህ ዓፊያ ያድርግህ፣ ከፋራ ያድርግልህ» ይባላል። የተኛው ሰው ለዓመታት ተደብቆ ሲጠጣ የኖረ ከሆነ ግን ይህ ዱዓ ያሸማቅቀዋል። ጠያቂዎቹ ጉዱን ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ የሚሉት አይመስለውም። «ከፋራ ለእንደኔ ዓይነቱም አለ ወይ?» እያለ በልቡ ያብሰለስላል።

ይህን ጥያቄ የሰማነው አብሮን ያስተምር ከነበረ ባልደረባችን ነው። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ተኝቶ ነበር። እስኪታመም ድረስ እንደሚጠጣ አናውቅም ነበር። ሌላ ሰው ቢጠቀምበት ብሎ ስለፈቀደልን፣ ስሙን ትተን ታሪኩን እናነሳለን።

የጥያቄው መልስ አጭር ነው፤ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊምን የሚያገኘው ድካምም ሆነ በሽታ፣ ጭንቀትም ሆነ ሐዘን፣ የምትወጋው እሾህ እንኳ ሳትቀር አላህ ኃጢአቱን የሚያብስበት ምክንያት እንደሆነ ነግረውናል። ሐዲሡ ኃጢአት የሌለበት ሙስሊም አላለም። ኃጢአት የሌለበትማ ምን ይታበስለታል? ኡሙ ሳኢብ የተባሉት ሶሐቢያ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣቸው ትኩሳቱን ቢረግሙት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይሰድቡት ከለከሏቸው። ወናፍ የብረትን ቆሻሻ እንደሚያስወጣ ሁሉ ትኩሳትም የሰውን ጥፋት እንደሚያስወግድ ገለጹላቸው። ይህም በሙስሊም ዘገባ ይገኛል።

ነገር ግን ብዙ ዑለሞች ከባድ ኃጢአቶች ተውባ እንደሚፈልጉ ያስረዳሉ፤ ኸምር ደግሞ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ሥራውን ብቻውን አይጨርስም። ሕመም ተውባን ቀላል የሚያደርገው እንዴት እንደሆነ ለመረዳት፣ ሰውየው መጀመሪያ ወደ መጠጥ እንዴት እንደገባ ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ርዕስ ከሐረር ጋር አያይዘን ስናነሳ ቅር የሚላቸው እንደሚኖሩ እናውቃለን። ጁገል 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ቦታዎች የያዘ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የእስልምና ከተማ ነው። ከግንቡ ውጭ ደግሞ የከተማዋን ስም የያዘ ቢራ የሚጠምቅ ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቁሞ በ2011 ሄኒከን የገዛው ነው። የሙስሊሙን ገበያ አስቦ የወጣው አልኮል አልባው «ሐረር ሶፊ»ም ከዚያው የመጣ ነው። ሁለቱ ከተማዎች እንዲህ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ በር ብቻ ነው።

ባልደረባችን ግን ወደ መጠጥ የገባው በቢራው ማስታወቂያ አይደለም። በጫት በኩል ነው። ከሰዓት ቅሞ፣ ማታ ምርቃናው አልበርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ ሲለው፣ ጓደኞቹ ጨብሲ ለመዱት። ጨብሲ ማለት የጫቱን ስሜት ለማውረድ የሚጠጣ መጠጥ ነው። እሱ ራሱን ጠጪ ብሎ አያውቅም። ለእንቅልፍ የሚወስደው መድኃኒት አድርጎ ነበር የሚያየው። አንድ ሶሐባ ኸምርን ለመድኃኒትነት እንደሚሠራው ሲናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት ሳይሆን በሽታ መሆኑን የነገሩት ለዚህ ዓይነቱ ምክንያት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ቢራው ወደ አረቄ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ጫት ባልቃመበት ቀንም ካልጠጣ እጁ ጠመኔ በደንብ አይዝም ነበር።

ከዚያ ሳል መጣ። ክብደቱ ቀነሰ፤ ሌሊት ያልበው ጀመር። አክታው ተመርምሮ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። አልኮል አብዝቶ መጠጣት በቲቢ የመያዝ ዕድልን ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ እሱ ግን ይህን ያወቀው በኋላ ነው። ነርሷ መድኃኒት ከማስጀመሯ በፊት «መምህር፣ መጠጥ ይወስዳሉ?» ብላ ጠየቀችው። «እኔ ሙስሊም ነኝ» አላት። እሷም «አይወስድም» ብላ መዘገበች።

ይህችን መልስ ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ውሸት ለመናገር ተፈልጎ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኃጢአታቸውን በአደባባይ የሚገልጡትን አጥብቀው አስጠንቅቀዋል፤ ሰውም አላህ የሸፈነለትን ገመና መግለጥ ይፈራል። ዳሩ ግን ያ ማስጠንቀቂያ ስለሚኩራራ ወይም ግድ ስለሌለው ሰው ነው። ኢማም አን-ነወዊ «አል-አዝካር» በተባለው ኪታባቸው፣ ሰው ከወንጀሉ የሚወጣበትን መንገድ ይጠቁመኛል ብሎ ለሸይኹ ወይም መሰል ሰው ቢናገር ችግር እንደሌለበት፣ እንዲያውም መልካም እንደሆነ ጽፈዋል። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሐኪም ከዚህ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አይታየንም።

ባልደረባችን ግን ዝም አለ። የቲቢ መድኃኒቶቹ ጉበትን ስለሚከብዱ መጠጥ እንዳይነካ ሲነገረው፣ ፈርቶ በዚያው ቀን አቆመ። ለማንም ሳይናገር፣ በአንድ ጊዜ፣ ብቻውን። በማግስቱ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አላበው፤ የበላው አልረጋ አለው። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ የሚርመሰመስ ነገር ይታየው፣ የሌለ ሰው ያናግር ጀመር። ቤተሰቡ ጂን ነው አለ። ሩቅያ የሚያደርግ ሰው ተጠራ፤ መልካም ሰው ነበርና ቁርኣን ቀራበት፣ ከዚያ ግን «ይህ ልጅ ሐኪም ቤት ይሂድ» አለ። አላህ ይመንዳው።

ይህን ዘርዘር አድርገን የምንጽፈው ሕይወት ስለሚያጠፋ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ መንቀጥቀጡና ላቡ የመጨረሻውን ከጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ብዙውን ጊዜ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ በጥቂቶች ላይ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና ብርቱ ትኩሳት ይከተላል። ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው አስቸጋሪ አይደለም፤ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በሐኪም ቁጥጥር እየተቀነሰ ይሰጣል፤ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚንም ይጨመራል። ተውባ ወዲያውኑ መሆን አለበት፤ ሐኪሙን መጠየቅም እንደዚሁ ወዲያውኑ ነው። ሩቅያውና ሐኪሙ አይጣሉም።

እዚያ ባለቤቱ ሁሉንም ለሐኪሙ ተናገረች። ለካ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቅ ነበር። ባልደረባችን ስለ ሕመሙ ደግነት ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህን ነው፤ ለመደበቅ ያወጣው የነበረው ጉልበት በአንድ ሌሊት አላስፈላጊ ሆነ። ማስቲካው፣ ሽቶው፣ በጓሮ በር መግባቱ፣ ከሱብሒ ጀማዓ የሚቀርበት ሰበብ፣ ሁሉም።

ሌላው ያላሰበው ነገር እንቢ ማለት መቅለሉ ነው። ጤነኛ ሆኖ «አልጠጣም» ቢል «ሸይኽ ሆንክ እንዴ?» ተብሎ ይሳቅበት ነበር። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ሲል ግን ማንም አይከራከረውም። የቲቢ ሕክምና ቢያንስ 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለት ዓይነት። በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባለሙያ ፊት ይውጥ ነበር። ለሌላው በሽተኛ ይህ ምልልስ አሰልቺ ነው። ለእሱ ግን በየቀኑ ደኅና መሆኑን የሚያይ ሰው ማለት ነበር። መጠጥ ለማቆም የሚሞክር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አያገኝም ብንል አላጋነንንም። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ስለሚያደርግ፣ ለውዱእ በተነሳ ቁጥር ቃሉን እንደሚያስታውሰው እየሳቀ ነግሮናል።

ሶላቱን በተመለከተ ግን ሳቅ አልነበረም። ኸምር የጠጣ ሰው ሶላቱ 40 ቀን ተቀባይነት እንደማያገኝ የሚናገረውን ሐዲሥ በልጅነቱ ሰምቶ፣ ቆጠራው በየጊዜው እንደ አዲስ ስለሚጀምርበት መስገዱን ትቶ ነበር። ዑለሞች የሐዲሡን መልእክት ሲያስረዱ ምንዳው ይቀርበታል እንጂ ግዴታው አይነሳለትም ይላሉ፤ መስገድ አለበት። ያው ሐዲሥ ደግሞ ተውባ ያደረገን አላህ እንደሚቀበለው ይናገራል። ይህን ክፍል የነገረው ሰው አልነበረም። እኛም መድረሳ ውስጥ ስናስተምር የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የተናገርንበት ጊዜ እንደነበር አንክድም። ተቀምጦ፣ ሲደክመውም ተኝቶ መስገድ የጀመረው በዚያ አልጋ ላይ ነው።

ስለ ጠያቂዎች ሁለት ነገር እንበል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ጠጥቶ በተደጋጋሚ የተቀጣ ዐብደላህ የሚባል ሰው ነበር፤ አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አትርገሙት፣ አላህንና መልእክተኛውን ይወዳል ብለው ከልክለዋል፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ባልደረባችን ዘንድ ወሬው ከተሰማ በኋላ የመጡ አንዳንዶች ግን «የእጅህን አገኘህ» የሚል ፊት ይዘው ነበር የገቡት። ሌሎቹ ደግሞ በፍቅር መጥተው አጠገቡ በርጫ ዘረጉ። ጫቱ ከሌለ ጨብሲ እንደማይኖር እያወቁ! ከአፎቻው አባላት አንዱ አዛውንት ግን ምንም ሳይመክሩ፣ ሳይወቅሱ፣ በየማክሰኞው ሾርባ አስይዘው እየመጡ ስለ ቡና ዋጋ አጫውተውት ይሄዱ ነበር። እሳቸው የመጡበትን ቀን ሁሉ ያስታውሳል።

ሕመም ጸጋ ነው የሚለውን ቃልም ለታማሚው ብንተውለት ይሻላል። እሱ ሲለው ሽኩር ነው፤ ከጤነኛ አፍ ሲወጣ ግን ያቆስላል።

አስቸጋሪው ጊዜ የመጣው በአራተኛው ወር ነው። ሳሉ ጠፋ፤ ክብደቱ ተመለሰ፤ ከመጠጥ በራቀባቸው ሳምንታት እንቅልፉም ቀስ በቀስ ተስተካክሎ ነበር። የጉበት ምርመራውም ደኅና ነው ተባለ። ጉበት ላይ የተጠራቀመ ስብ መጠጥ ሲቆም በሳምንታትና በወራት ሊጠራ ይችላል፤ ሥር የሰደደ ጠባሳ የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ እሱ ገና ወደዚያ አልደረሰም ነበር። ሰው ድኛለሁ ሲል ሁለት ነገር ይፈተነዋል፤ ክኒኑን መተው እና አንዲት ብርጭቆ መቅመስ። ክኒኑን ያቋረጠ መድኃኒት የተለማመደ ቲቢ ሊያተርፍ ይችላል። ባልደረባችን ክኒኑን አላቋረጠም። አንድ ምሽት ግን ሰርግ ላይ ጠጣ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ በዚያው ጠረጴዛ ለተቀመጠችው ነርስ «ትናንት ጠጥቻለሁ» አላት። «ሙስሊም ነኝ» ካላት አራት ወር ሆኖት ነበር። እሷም ሐኪሙ ዘንድ ላከችው፤ ጉበቱ እንደገና ታየ፤ ሕክምናው ቀጠለ።

ስድስተኛው ወር ሲያበቃ የሰበቡ ጊዜም አበቃ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» የሚለው ቃል አይሠራም። አሁን ከመግሪብ በኋላ ወደ አዲሱ ከተማ ጉዳይ ሲኖረው፣ ዋናው መንገድ በሚያልፍበት በሐረር በር መውጣት ቅርቡ ነው፤ የድሮ ጓደኞቹ ግን እዚያ ይቀመጣሉ። እሱ በሸዋ በር ዞሮ ይሄዳል።