ስህተቱን ማን አሠራው?

ሜዳ ቴኒስ የሚከታተል ሰው ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል። አንዱ ተጫዋች ይሮጣል፣ ይደርሳል፣ ይመልሳል። ሌላው በኃይል ይመታል፤ አንዴ መረብ ላይ ያስቀራል፣ አንዴ ከመስመር ያወጣል። መጨረሻ ላይ ያሸነፈው ያ ሲመልስ የዋለው ይሆናል። ወዲያው «እሱ ምን ሠራ? ያኛው ራሱን በራሱ ነው ያሸነፈው» ይባላል።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ስህተት ሁሉ ስጦታ አይደለም። ብዙው ስህተት ተደክሞበት የመጣ ነው፤ የደከመበት ደግሞ ከመረቡ ማዶ የቆመው ሰው ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከሜዳው ልጀምር።

የቴኒስ ሜዳ ርዝመቱ 23.77 ሜትር ነው። መረቡ መሀል ላይ 91.4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ግራና ቀኝ ምሰሶዎቹ ጋ ሲደርስ ግን 1.07 ሜትር ይሆናል። ኳሷን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ የሚመታ ሰው ዝቅ ባለው የመረቡ ክፍል ላይ ያሳልፋታል፤ ከፊቱ ያለው ርቀትም ወደ 25 ሜትር ይጠጋል። የጎኑን መስመር ይዞ ቀጥ አድርጎ የሚመታ ግን መረቡ ከፍ ይልበታል፣ ሜዳውም ያጥርበታል።

ጎበዝ ተከላካይ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ኳሷን በሰያፍ፣ ወደ ኋላኛው መስመር አስጠግቶ ደጋግሞ ይመልሳል። አጥቂው ወደፊት መግባት አይችልም፤ ከኋላ ሆኖ ደግሞ ቀላል ነጥብ አያገኝም። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ምት ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና ቀጥታውን ይሞክራል። ኳሷ የመረቡን ጫፍ መትታ እዚያው ትወድቃለች። መዝጋቢውም «ሳይገደድ የተሳሳተ» ብሎ ይጽፋል። የተመዘገበው የመጨረሻው ምት ብቻ ነው። እዚያ ያደረሱት አምስቱ ምቶች ሠንጠረዡ ላይ የሉም።

ስሌቱንም እንየው። አንድ አጥቂ ከባድ ምት ሲሞክር ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ይሳካለታል እንበል። ተጋጣሚው አንዷን ምት መመለስ ካልቻለ ነጥቡ በ90 በመቶ ዕድል የአጥቂው ነው። ተጋጣሚው ሦስቴ መልሶ አራተኛ ምት እንዲመታ ካስገደደው ግን አራቱም በተከታታይ የመሳካታቸው ዕድል ወደ 66 በመቶ ይወርዳል። የአጥቂው ችሎታ አልቀነሰም፤ የሚከፍለው ዋጋ ነው የጨመረው። ዋጋውን የጨመረው ደግሞ የተከላካዩ እግር ነው።

ልዩነቱ ትልቅ መሆንም የለበትም። ሮጀር ፌደረር እ.ኤ.አ. በ2024 በዳርትመዝ ኮሌጅ የምረቃ ንግግሩ ላይ እንደተናገረው፣ በነጠላ ካደረጋቸው 1,526 ግጥሚያዎች 80 በመቶ የሚጠጉትን ቢያሸንፍም፣ ከተጫወታቸው ነጥቦች ያገኘው 54 በመቶውን ብቻ ነው። በዚህ ጨዋታ ከመቶ ጥቂት ነጥቦችን ወደ ራሱ መጎተት የቻለ ሰው ዋንጫ ያነሣል።

አሁን ወደ እውነተኛ ጨዋታዎች እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአውስትራሊያ ኦፕን ኖቫክ ጆኮቪች ከፈረንሳዊው ጂል ሲሞን ጋር ተገናኘ። ሲሞን በኃይሉ የሚታወቅ ተጫዋች አይደለም፤ ኳስ በመመለስና ተጋጣሚን በማሰልቸት ነው የሚታወቀው። ያን ቀን ጆኮቪች በአምስት «ሴት» አሸነፈ፣ ነገር ግን 100 «ያልተገደዱ» ስህተቶች ተመዘገቡበት። ይኸው ጆኮቪች በዚያው ውድድር ፌደረርንና አንዲ መሪን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ታዲያ በብቃቱ ጫፍ ላይ የነበረ ሰው አንድ ቀን ብቻ መጫወት ጠፋበት? አይመስለኝም። 100ዎቹ ስህተቶች ላይ የሲሞን እጅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜም እንዲሁ ነው። ሲሞና ሃሌፕ ሴሬና ዊሊያምስን በ56 ደቂቃ 6 ለ 2፣ 6 ለ 2 ስታሸንፍ የሃሌፕ ያልተገደዱ ስህተቶች 3 ብቻ ነበሩ። የሴሬና 25 ያህል ነበሩ። «ሴሬና ቀኗ አልነበረም» የሚሉ የሴሬናን ቁጥር ይጠቅሳሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ያ 3 ነው። በዓለም ትልቁ መድረክ ላይ፣ በሴሬና ምት ፊት፣ ሙሉ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ብቻ መሳሳት የማንም ስጦታ አይደለም።

ይህ ወቀሳ ከማንም በላይ የተከተላት ግን ዴንማርካዊቷ ካሮሊን ዎዝኒያኪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ቁጥር አንድ ስትሆን አንድም ግራንድ ስላም አልነበራትም፤ ስለዚህ ቦታው አይገባትም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያ ኦፕን ሁለተኛ ዙር ላይ ክሮኤሺያዊቷ ያና ፌት በመጨረሻው «ሴት» 5 ለ 1 እና 40 ለ 15 መርታ፣ ሰርቩም በእጇ ነበር። አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። ዎዝኒያኪ ከዚያ ተነሥታ ስድስት ጌም በተከታታይ ወስዳ 7 ለ 5 ጨረሰች። ፌት ተደናግጣለች፣ እውነት ነው። ግን ድንጋጤ የሚመጣው ያለቀ የመሰለው ኳስ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

በፍጻሜው የገጠመቻት ሌላዋ ታላቅ ተከላካይ ሃሌፕ ነበረች። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ተፋልመው ዎዝኒያኪ አሸነፈች። በ43ኛ የግራንድ ስላም ውድድሯ የመጀመሪያዋን ዋንጫ አነሣች፣ ከስድስት ዓመት በኋላም ወደ ቁጥር አንድ ተመለሰች። ሁለቱም የሰው ስህተት ጠባቂዎች ቢሆኑ ኖሮ ያ ጨዋታ መቼ ያልቅ ነበር?

ክርክሩ የያዘው እውነት የለም አልልም። መከላከል ጣሪያ አለው። ዎዝኒያኪ ከሴሬና ጋር 11 ጊዜ ተጋጥማ ያሸነፈችው አንዴ ብቻ ነው። ምቱ ከተሳካለት ሴሬናን ከመሰለ አጥቂ ጋር ሩጫ ብቻውን አያድንም። ኳስ የሚመልስ ግን ኳሱን አጭር የሚጥል ተጫዋችም በርግጥ የሰው እጅ ጠባቂ ነው። ይህ ግን የጥሩና የመጥፎ መከላከል ልዩነት እንጂ መከላከል ድል አይገባውም ማለት አይደለም።

እኛ ይህን በሩጫ አሳምረን እናውቀዋለን። አንድ አትሌት በ10,000 ሜትር ፍጥነቱን ጨምሮ ተቀናቃኞቹን አንድ በአንድ ሲያንጠባጥብ «እነሱ ስለደከሙ ነው ያሸነፈው» ብሎ የሚያጣጥል የለም። ያደከማቸው እሱ መሆኑን እናያለና።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳስ መረብ ላይ ስትቀር ስህተት የሠራውን ብቻ አትዩ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ሦስት ምቶች አስታውሱ፤ ኳሷ የት አረፈች? መቺው እግሩን አስተካክሎ ቆሞ ነበር ወይስ እየሮጠ? ተመቻችቶ ቆሞ ከሳተ ጥፋቱ የራሱ ነው። እየተገፋ ከሳተ ግን ነጥቡ የተከላካዩ ነው፤ ድሉንም በላቡ ያገኘው ነውና ሳትሸራርፉ ስጡት።