ስለ ጽንስ ልብ ትርታ

የጽንስ ልብ ትርታ በማዳመጫ እንደሚሰማ፥ ፈረንሳዊው ሐኪም ኬርጋራዴክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1821 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕክምና አካዳሚ አስታውቆ ነበር። በማዳመጫ ቀንድ ግን የሚሰማው እርግዝናው ወደ አምስተኛው ወር ሲቃረብ ነው። ዛሬ በአልትራሳውንድ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይታያል፤ ሳምንቱም የሚቈጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው። ቀኑ በስሕተት የተቈጠረ ወይም ጽንሱ ዘግይቶ የተፀነሰ እንደ ሆነ፥ ትርታው ለጊዜው ሳይታይ ይቀራልና ባልና ሚስት ወደ ልቅሶ ባይቸኵሉ መልካም ነው፤ ሐኪሙ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ አቈይቶ ደግሞ ሊያይ ይገባዋል። ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት የሚደረገው የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራም (ብዙ ሰው የተቈረጠ ፍርድ ይመስለዋል) የሚያጠራጥረውን ይለያል እንጂ በሽታውን አያረጋግጥም፤ ለማረጋገጥ ከእንግዴ ልጁ ወይም ከሽርት ውሃው ጥቂት ተወስዶ ይመረመራል።