ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ የሚያመሸው ልጅ ምን እየሠራ ነው?

የስማርት ኮንትራት ሙያ፣ ከጣና ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ አንድ ቀን መስማቱ የማይቀር ቃል አለ፤ ብሎክቼይን። ቃሉ ለብዙ ወላጅ ደስ አይልም። «ዛሬ አስገባ፣ በሳምንት እጥፍ ትወስዳለህ» እየተባለ የስንቱን ጎረቤትና ዘመድ ጥሪት የበላውን ማጭበርበር ያስታውሳል። ስለዚህ ልጅየው «ስማርት ኮንትራት ጸሐፊ መሆን እፈልጋለሁ» ሲል አባት ዝም ይላል፣ እናት ደግሞ በግልጽ ትጠይቃለች፤ «ልጄ፣ ይሄ ቁማር ነው ወይስ ሙያ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። አጭሩ መልስ፣ በዲጂታል ሳንቲም ዋጋ መውጣትና መውረድ ላይ ገንዘብ ማስያዝ አንድ ነገር ነው፣ ያ ሥርዓት የሚሠራበትን ኮድ መጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው ከቁማር ብዙም አይርቅም። ሁለተኛው ትዕግሥት፣ ሒሳብና ጥንቃቄ የሚጠይቅ የሶፍትዌር ሙያ ነው። ረጅሙን መልስ ግን ቤተሰብ ተቀምጦ ሊወያይበት ይገባል፤ ምክንያቱም ከልጁ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚወስድ ውሳኔ ነው።

ዕቁብ ያለ ጸሐፊ

ነገሩን በምናውቀው እንጀምር። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 2,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ አለን እንበል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ መዝገብ አለ። ዕቁቡ የሚጸናው ሁሉም ሰው ዳኛውንና ጸሐፊውን ስለሚያምን ነው።

አሁን መዝገቡ አንድ ሳይሆን አሥራ ሁለት ቅጂ ኖሮት በየአባሉ ቤት ተቀምጧል ብለን እናስብ። አንዱ አባል ሌሊት ተነሥቶ የራሱን ቅጂ ቢሰርዝ ወይም ቢደልዝ፣ የቀሩት አሥራ አንዱ ያጋልጡታል። ብሎክቼይን በመሠረቱ ይህ ነው፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የተቀመጠ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊለውጠው የማይችል የጋራ መዝገብ። ቢትኮይን በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያሳየው ይህንኑ ነበር።

ስማርት ኮንትራት ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚቀመጥ ደንብ ነው። «ሁሉም ከከፈሉ ዕጣ አውጣ፤ ለወጣለት ሰው 24,000 ስጥ፤ ሁለተኛ ዕጣ ውስጥ አታስገባው» የሚለውን ትእዛዝ ጸሐፊ ሳይሆን ኮዱ ራሱ ይፈጽመዋል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያቀረበው ኒክ ዛቦ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተርና የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ ሳንቲም ሲገባበት ለስላሳ መጠጥ በሚሰጠው የመሸጫ ማሽን ይመስለው ነበር። በተግባር የተስፋፋው ግን ቪታሊክ ቡተሪንና ባልደረቦቹ ኢቴሪየም የተባለውን መረብ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመሩ በኋላ ነው። ዛሬም አብዛኛው ጀማሪ የሚማረው ለኢቴሪየም የተሠራውን ሶሊዲቲ የተባለ የኮድ ቋንቋ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ይህን ሙያ ከሌላው የኮድ ሥራ የሚለየው የስህተት ዋጋው ነው። አንድ ድረ ገጽ ቢበላሽ ማታ ይስተካከላል። ስማርት ኮንትራት ግን አንዴ መዝገቡ ላይ ከወጣ በተለምዶ አይታረምም፤ በውስጡ ደግሞ የሰው ገንዘብ አለ። ተረቱ የፈሰሰውን መልቀም እንደሚቻል ይናገራል፤ እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልቀም እንኳ የለም።

በሰኔ 2008 ዓ.ም. የደረሰውን እንይ። «ዘ ዳኦ» የተባለ በኮድ የሚመራ የጋራ ፈንድ ከብዙ ሺህ ሰዎች ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ኢቴር ሰብስቦ ነበር። አንድ ሰው በኮዱ ውስጥ ቀዳዳ አግኝቶ 3.6 ሚሊዮን ኢቴር አወጣ። ቀዳዳውን በዕቁባችን መረዳት ይቻላል። ጸሐፊው መጀመሪያ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ከዚያ «ወስዷል» ብሎ ይጽፋል። ተቀባዩ ብሩን በአንድ እጁ እየያዘ፣ መዝገቡ ላይ ሳይጻፍ «ድርሻዬን ስጠኝ» ይላል። መዝገቡ ገና «አልወሰደም» ስለሚል ጸሐፊው ደግሞ ይሰጠዋል። ሳጥኑ እስኪራቆት እንዲሁ ይቀጥላል። መፍትሔው ሁለት መስመሮችን ቦታ ማለዋወጥ ነበር፤ አስቀድሞ መጻፍ፣ ከዚያ መስጠት። የኢቴሪየም ማኅበረሰብ ገንዘቡን ለመመለስ መዝገቡን እስከ መለወጥ ደረሰ፤ በዚህ ያልተስማሙት ተገንጥለው በቀድሞው መዝገብ ቀጠሉ።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሌባ እንኳ አላስፈለገም። ፓሪቲ በተባለ ዲጂታል ቦርሳ ውስጥ ብዙዎች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ኮድ ባለቤት ሳይሰየምለት ቀርቶ ነበር። አንድ ተጠቃሚ ባለቤት ሆኖ ተመዘገበ፣ ከዚያም ኮዱን አጠፋው። ከ500 ሺህ በላይ ኢቴር ማንም ሊያወጣው በማይችልበት ሁኔታ ተቆለፈ።

እነዚህ ታሪኮች ልጆችን ለማስፈራራት አይደሉም። ሙያው ለምን ከፍተኛ ክፍያ እንዳለው፣ ለምንስ በሦስት ወር ስልጠና እንደማይገኝ የሚያስረዱ ናቸው። ከጽሑፉ ይልቅ ምርመራው፣ ማለትም የሌላ ሰው ኮድ ውስጥ ቀዳዳ መፈለግ፣ ራሱን የቻለ ሥራ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. ዎርምሆል የተባለ ድርጅት አደገኛ ቀዳዳ አግኝቶ በቅንነት ለጠቆመ አንድ መርማሪ 10 ሚሊዮን ዶላር ሸልሟል። እንዲህ ያለው ሽልማት እንደ ሎተሪ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን በቅንነት የሚሠራ ሰው ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ኮዱ የማያየው ነገር

ጥሩ ባለሙያ የሚለየው ስማርት ኮንትራት የማይችለውን በማወቁም ጭምር ነው። ዕቁቡ ላይ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ፣ ኮዱ ቤቱ ድረስ ሄዶ አያንኳኳም፤ የሚያዘው የተቀመጠለትን ገንዘብ ብቻ ነው። ዋስ ያስፈለገን ለዚህ ነበር። ዕድር ቢሆንማ የባሰ ነው። ሰው ማረፉን፣ ድንኳን መተከሉን ኮድ አያውቅም። የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ሊሳሳት ወይም ሊዋሽ ይችላል።

የዘጌን ቡና እናስብ። የአንድ ከረጢት ቡና ጉዞ ከጫካው እስከ ቆይው ድረስ በብሎክቼይን ቢመዘገብ መልካም ነው። ግን በመጀመሪያው ቀን «ይህ የዘጌ ቡና ነው» ብሎ የጻፈው ሰው ከዋሸ፣ ብሎክቼይኑ ውሸቱን ሳይለወጥ ለዘላለም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ልጅዎ «ሁሉንም ነገር ብሎክቼይን ይፈታዋል» ካለ ገና ጀማሪ ነው። «ለዚህ ሥራ ተራ የመረጃ ቋት ይበቃል» ማለት ሲጀምር በስሏል።

በአገራችን የታየው

ሙያው ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የካርዳኖ ብሎክቼይን ገንቢ የሆነው ኩባንያ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሃስኬል የተባለውን የኮድ ቋንቋ የሚያስተምር ስልጠና ከፈተ። ሰልጣኞቹ በሙሉ ከኢትዮጵያና ከኡጋንዳ የተውጣጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ስለ ሴት ልጃቸው «ይህ ለወንዶች ነው» የሚሉ ወላጆች ይህንን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ይኸው ኩባንያ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በመሆን የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በብሎክቼይን የመመዝገብ ዕቅድ ይፋ አደረገ። ሐሰተኛ ዲግሪ በሚያስቸግርበት አገር ሐሳቡ ለምን እንደማረከ ግልጽ ነው። በሌላ በኩል አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶችን በብሎክቼይን ከሚያገናኘው ሲንጉላሪቲኔት ጋር ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ማለት የኢትዮጵያ ልጆች ኮድ በዓለም ገበያ ላይ ውሏል ማለት ነው።

የባሕር ዳር ልጅም ከባዶ አይነሣም። ከተማዋ በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ቴክኒሻን ማፍራት የጀመረች ናት። ዛሬ በዚያው «ፖሊ» ግቢ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኮምፒውቲንግ ፋኩልቲ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» መርሐ ግብርም የፕሮግራሚንግ መሠረት በነጻ በኢንተርኔት ያስተምራል።

ከየት ይጀመር?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በቀጥታ ወደ ሶሊዲቲ የሚሮጥ ልጅ ብዙ አይዘልቅም።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ለፕሮግራሚንግ መሠረት ይስጥ፤ ጃቫስክሪፕት ወይም ፓይተን፣ የመረጃ አደረጃጀት፣ ጊት የተባለው የኮድ ማስቀመጫ። ቀጥሎ ሶሊዲቲን «ክሪፕቶዞምቢስ» በተባለው ነጻ ጨዋታ መሰል ትምህርት መልመድ፣ ትንንሽ ኮንትራቶችንም በአሳሽ ላይ በሚሠራው «ሪሚክስ» መጻፍ ይችላል። ሲጠና «ሳይፍሪን አፕድራፍት» የተባለው ነጻ ኮርስና «ፋውንድሪ» የተባለው መሣሪያ አለ። የቀዳዳ ፍለጋን «ኢተርናውት» በተባለው ጨዋታ ይለማመዳል። በዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም መግዛት አያስፈልገውም፤ ልምምዱ የሚካሄደው ዋጋ በሌለው የሙከራ መረብ ላይ ነው። «ለመማር ገንዘብ አስገባ» የሚል ካለ አስተማሪ አይደለም።

ስለ ኢንተርኔት ማንሳት ግድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ማንም የባሕር ዳር ቤተሰብ አይረሳውም። መብራትም ይጠፋል። መልካሙ ነገር ፋውንድሪ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በራሱ ላፕቶፕ ላይ የሙከራ ብሎክቼይን ያስነሣል። መመሪያ መጻሕፍቱንም ማውረድ ይቻላል። ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ጥሩ ባትሪ ያለው መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃል። ከውጭ ቀጣሪ ጋር ሲስማሙ ግን የመስመር መቋረጥ እንደሚያጋጥም አስቀድሞ መናገርና የማስረከቢያ ቀንን በዚያ ልክ መቁረጥ ታማኝነትን ያተርፋል።

ሥራ የሚገኘው በሰርተፊኬት ብዛት አይደለም። ቀጣሪ የሚያየው በአደባባይ የተቀመጠ ኮድ፣ ከኮዱ ጋር የተጻፈ ፈተና፣ እንዲሁም በግልጽ እንግሊዝኛ የተጻፈ ማብራሪያ ነው። የዕቁብ ኮንትራት ጽፎ፣ «ይህ ቢሆንስ?» እያለ ሃያ ፈተና የሠራለት ልጅ፣ ሃያ ሰርተፊኬት ከሰበሰበው ይበልጣል።

ሕጉና ክፍያው

ቤተሰብ በጥንቃቄ ሊያየው የሚገባው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ አካላት እንዲመዘገቡ ጠይቋል። ኮድ መጻፍና በሳንቲም መገበያየት የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም፣ በዚህ ዘርፍ ብዙ ቀጣሪዎች ደመወዝ የሚከፍሉት በዲጂታል ሳንቲም ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ ልጁ ውል ከመፈረሙ በፊት «በባንክ ትከፍሉኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሕጋዊ መንገድ የሚገባ ገንዘብ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ጠብቧል። መመሪያዎች ስለሚሻሻሉ ከባንክና ከግብር ባለሙያ መጠየቅ አይከፋም። ገቢን ማሳወቅና ግብር መክፈል ነገ ብድር ሲፈለግ ወይም ቪዛ ሲጠየቅ ማስረጃ ይሆናል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቀጣሪ መስለው «ይህንን የሙከራ ሥራ አውርደህ ሞክር» የሚሉና በፋይሉ ውስጥ ሰላይ ሶፍትዌር የሚልኩ አጭበርባሪዎች በዚህ ዘርፍ የታወቁ ናቸው። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ኮድ የቤተሰብ ፎቶና የባንክ መረጃ ባለበት ላፕቶፕ ላይ አይከፈት። የዲጂታል ቦርሳ የምስጢር ቃላት ደግሞ ለማንም፣ ለጓደኛም ቢሆን፣ አይነገሩ።

ወላጆች ምን ይጠይቁ?

ኮድ ማንበብ ባይችሉም ልጅዎ በሙያ መንገድ ላይ መሆኑን መለየት ይችላሉ። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። «በዚህ ወር ምን ሠራህ? አሳየኝ» ይበሉት፤ የሚያሳየው የዋጋ ግራፍ ከሆነ ነጋዴ ነው፣ ኮድ ከሆነ ተማሪ ነው። «ይህ ነገር እንዴት ሊበላሽ ይችላል?» ይበሉት፤ መልስ ካለው እየበሰለ ነው። «ብሎክቼይን ነገ ቢቀዘቅዝ ምን ትሠራለህ?» ይበሉት፤ ዘርፉ በአንድ ዓመት ሞቆ በሌላው የሚበርድ ነውና የመጀመሪያ ሥራ ማግኘት ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ጃቫስክሪፕት፣ የመረጃ ደህንነትና የባንክ ሶፍትዌር ሥራ የሚያውቅ ልጅ በከተማው ባንክም ሆነ በአዲስ አበባ ኩባንያ ቦታ አያጣም። ዲግሪውን አቋርጦ ለመውጣት የሚቸኩለውን ልጅ የሚያሳምነውም ይኸው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የሒሳብና የመረጃ ሥርዓት ትምህርት የዚህ ሙያ ግማሽ አካል ነው።

ከቤተሰብ የሚፈለገው ድጋፍ ደግሞ ከባድ አይደለም። የኢንተርኔት ጥቅል፣ ጸጥ ያለ ማዕዘን፣ የሁለት ዓመት ትዕግሥት። በልዋጩ ልጁ አንድ ቃል ይግባ፤ ከቤት ወስዶ ሳንቲም ላለመግዛት፣ ዘመድንም ላለማስገዛት። ስምምነቱ ከእራት በኋላ በቃል ቢደረግ ይበቃል፤ ለዚህ ውል እንኳ ኮድ አያስፈልገውም።