ክሊፕ አይሸጥም፤ ታዲያ ማን ይከፍላል?

የሙዚቃ ክሊፕ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ እሱ ራሱ ግን አይሸጥም። ዘፋኙ ክሊፕ የሚያሠራው ለሰርግና ለኮንሰርት እንዲጠራ፣ የሚጠራበትም ዋጋ ከፍ እንዲል ነው። በሒሳብ መዝገብ ቢሰፍር ቦታው የማስታወቂያ ወጪ ዓምድ ነው። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ያፈሰሰ ነጋዴ «ይህን ያህል ሕዝብ አይቶት ትርፉ የት ገባ?» እያለ ሲብሰለሰል ይከርማል። መልሱን ለማግኘት ሥራውን ከዕቅድ እስከ ኤዲቲንግ መከተል ያስፈልጋል። እኔ ለማሳያነት የመረጥኩት ኢሉ አባ ቦርን ነው። የዞኑ ዋና ከተማ መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ መሐል አገር ተድበስብሶ የሚያልፈው ወጪ ሁሉ እዚያ ፊት ለፊት ይወጣል።

በካሴት ዘመን ሒሳቡ ቀላል ነበር። እንደ አምባሰልና ናሆም ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ለአልበሙ ይከፍላሉ፣ ከካሴቱ ሽያጭ ያተርፋሉ፤ ክሊፑ ለቴሌቪዥን የሚላክ ምርቃት ነበር። ካሴቱን ሲዲ፣ ሲዲውን ደግሞ ፍላሽና ቅጂ ሲያጠፉት ዩቲዩብ መጣ፤ ምርቃት የነበረው ክሊፕም ዋናው በር ሆነ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በፈረንጆቹ 2015 ያወጣው «ማላን ጅራ» ሰሚውን ያገኘው በዚሁ በር ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢው 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ለዘፋኙ አላልኩም፣ ለቻናሉ ባለቤት ነው። የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ ተመልካቹ በተቀመጠበት አገር ይወሰናል። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ሆኖ የሚያይ አንድ ሰው መቱ ሆነው ከሚያዩ ብዙ ሰዎች የበለጠ ገንዘብ ያመጣል። ስለዚህ የ«ቪው» ቁጥር ብቻውን የገቢ መለኪያ አይሆንም።

ክሊፑ ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ማድረግ ታላላቆቹንም ያስቸገረ ነገር ነው። የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» በ1983 እ.ኤ.አ. ሲቀረጽ በጀቱ ከልክ በላይ በመሆኑ፣ ስለ ቀረጻው የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም ለኤምቲቪና ለሾውታይም የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሽጦ ነው ገንዘቡ የተሟላው። እኛ አገር ይህን ክፍተት ለዓመታት ሲሸፍን የቆየው ስፖንሰር ነበር፤ በተለይ ቢራ። የኢሉ አባ ቦር ሰው ይህን በቅርብ ያውቀዋል፤ በ1985 ዓ.ም. የተቋቋመው በደሌ ቢራ ፋብሪካ ጎረቤቱ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን ከገዛው በኋላ ፋብሪካው የቴዲ አፍሮን የኮንሰርት ጉዞ ስፖንሰር ለማድረግ ተስማምቶ፣ በ2006 ዓ.ም. በማኅበራዊ ሚዲያ ተቃውሞ ምክንያት ስምምነቱን ማቋረጡ ይታወሳል። ያ አንድ ገጠመኝ ነው። ለዘርፉ የከበደው ግን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። የአልኮል ማስታወቂያ ከብሮድካስት ሲታገድ ሙዚቃው ትልቁን ከፋዩን አጣ። አዋጁ ለጤና የወጣ ነው፣ እኔም አልቃወመውም። ግን የዘፋኙ ኪስ ጎዶሎውን እንዲሞላ የተገደደው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ዘፋኝ ቢሎ ኖፓ ወረዳ ላይ፣ ከዚያም ሶር ፏፏቴ ላይ ሊቀረጽ አሰበ እንበል። ቦታው ነፃ ነው፤ ለጫካውም ለፏፏቴውም እንደ ስቱዲዮ ኪራይ አይከፈልም። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳይሬክተር፣ ካሜራማን ከነረዳቱ፣ የድሮን አብራሪ፣ ሜካፕ ሠሪ፣ ተወዛዋዦችና ሹፌር ከአዲስ አበባ ሲነሱ አንዱ ቀን በመሄድ፣ ሌላው በመመለስ ያልቃል። ሁለት ቀን ለመቅረጽ አራት ቀን ይከፈላል ማለት ነው። የካሜራው ኪራይም የሚቆጠረው በቀን ነው፤ መኪና ውስጥ ተኝቶም ይቆጥራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ መቶ ብርን አልፏል። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ድሮኑ፣ ባትሪው ሁሉ በዶላር የሚገዛ ስለሆነ አከራዩ ዋጋ ቢጨምር አይፈረድበትም።

እንግዲህ የዕቅድ ጥቅሙ ቀን መቆጠቡ ነው። ጎበዝ ዳይሬክተር ዘፈኑን ደጋግሞ ሰምቶ እያንዳንዱ ስንኝ የት እንደሚቀረጽ በወረቀት ያሰፍራል። ከዚያ የሚቀርጸው በቦታ ነው እንጂ በዘፈኑ ቅደም ተከተል አይደለም፤ ፏፏቴው ጋ የሚታየው ሁሉ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ስንኝ፣ በአንድ ጠዋት ያልቃል። ቀድሞ ሄዶ ቦታ ያየ፣ ከወረዳው ደብዳቤ የያዘ፣ የድሮኑን ፈቃድ የጨረሰ ቡድን ፀሐይ አያባክንም። ሳያቅድ የሄደ ደግሞ ተወዛዋዦቹን በቡና ጥላ ሥር አስቀምጦ አበል ይከፍላል።

ፀሐዩ ራሱ ውድ ነው። ኢሉ አባ ቦር ከአገሪቱ ዝናባማ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ለካሜራ የሚመቸው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ነው። በእነዚሁ ወራት መጀመሪያ ላይ ቡና ይለቀማል፤ መንደሩ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ጥር ሲመጣ ደግሞ ሰርግ ነው፤ የመቱ ካሜራማን ዓመቱን የሚኖረው በዚያ ወር ገቢ ነው። ሁለት ቀን ለክሊፕ ስጠኝ ሲባል የሚያስቀርበትን ሰርግ አስቦ ዋጋ ይጠራል። ዘፋኙም ቢሆን በጥር ቅዳሜና እሑድ ቢቀረጽ ሰርግ ያመልጠዋል። ብርሃኑን፣ ሠራተኛውንና ካሜራውን ሁሉም በአንድ ሰሞን የሚሻማበት ገበያ ነው።

ቀረጻው ላይ ሰው የማያውቀው አንድ ዘዴ አለ። ዘፋኙ በዝግታ ሲራመድ፣ ነጠላው በንፋስ ቀስ ብሎ ሲነሳ፣ አፉ ግን ከዘፈኑ ጋር ሲገጥም አይታችኋል። ካሜራው በሰከንድ 25 ምስል መውሰዱን ትቶ 50 ይወስዳል፤ በድምፅ ማጉያው የሚለቀቀው ዘፈንም በእጥፍ ፍጥነት ይሄዳል። የ4 ደቂቃው ዘፈን በ2 ደቂቃ ያልቃል፤ ዘፋኙም ጢቢ ጢቢ እንደሚጫወት ልጅ እየተጣደፈ አፉን ያንቀሳቅሳል። ኤዲቲንግ ላይ ምስሉ ወደ 25 ሲመለስ እንቅስቃሴው ይረጋጋል፣ አፉም ከመደበኛው ዘፈን ጋር ይገጥማል። ቁጭ ብሎ የሚያይ የመንደር ልጅ በሳቅ ይሞታል። ይህን ቤቱ ሳይለማመድ የመጣ ዘፋኝ ግን ግማሽ ቀን ያስበላል።

ሁለቱ ቀን ሲያልቅ እጅ ላይ የሚቀረው 4 ሰዓት ያህል ምስል ነው እንበል። ከእሱ ለተመልካች የሚደርሰው 4 ደቂቃ ነው፤ ከ60 አንዱ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚጽፍ ካሜራ ከሆነ የ4 ሰዓቱ ምስል 180 ጊጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚጭን ኢንተርኔት ቢገኝ እንኳ ለመላክ 40 ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ በመኪና ይሄዳል፣ ሥራውም ተከትሎት አዲስ አበባ ይገባል። ኤዲተሩ መጀመሪያ ምስሉን ከድምፁ ጋር ያገጥማል፣ ቀጥሎ ይቆርጣል፤ በአማካይ በየ2 ሰከንዱ ቢቆርጥ 120 ቁርጥ ነው። ከዚያ ቀለሙን ያስተካክላል፤ የጫካው አረንጓዴ የሰውን ፊት እንዳያጠቁር፣ የጠዋቱና የከሰዓቱ ብርሃን አንድ እንዲመስል። ለአንድ ኪሎ ቡና የተሻለ ዋጋ የሚያስገኘው ቆልቶና ፈጭቶ መሸጥ እንደሆነው ሁሉ፣ የክሊፕም ዋጋ የሚጨምረው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ኢሉ አባ ቦር ግን ሁለቱንም፣ ቡናውንም ምስሉንም፣ ጥሬውን ይልካል።

መቱ ላይ ኤዲተር የለም ማለቴ አይደለም። ሰርግ የሚቀርጽ ሁሉ ኮምፒውተር አለው፣ መቁረጥም ያውቃል። የሚጎድለው ቻናሉ ነው። ብዙ ተከታይ ያላቸው ቻናሎች መሐል አገርና ውጭ አገር ናቸው፤ ክሊፑን ሲቀበሉም በራሳቸው ኤዲተር እንዲያልፍ ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ዘፋኞች ሊጠነቀቁ ይገባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ይሰጣል፤ የክሊፑ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ቻናሉ ስንት በመቶ እንደሚያካፍል፣ ለስንት ዓመት እንደሚይዘው በጽሑፍ ካልሰፈረ ግን በኋላ መከራከር ጭንቅ ነው። ውሉ መፈረም ያለበት ካሜራው ሳይከፈት ነው። ከተለቀቀ በኋላ የመደራደር ጉልበት የቻናሉ ነው።

ገንዘቡ የሚመለስበትም ጊዜ ረጅም ነው። ታኅሣሥ ላይ የተቀረጸ ክሊፕ ለፋሲካ ወይም ለአዲስ ዓመት ቢለቀቅ፣ ፍሬው የሚታየው በሚቀጥለው ጥር ሰርግ ነው። አንድ ዓመት የሚያቆይ ብድር ያስፈልጋል ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል፤ ካሜራም ይያዛል። ቅርንጫፍ ባንክ ሄዶ ካሜራ ላስይዝ ያለ ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የቤት ካርታ ነው። ስለዚህ የክሊፑ አበዳሪ ቡናውን የሸጠ ዘመድ ይሆናል። ወለድ አያስከፍልም፣ ውልም አያስፈርም፤ ክረምቱ ገብቶ የቡናው ገንዘብ ሲሳሳ ግን በራፍ ላይ ይቆማል፤ ክሊፑ ገና አንድ ሰርግ አላመጣም።