መጥገብና መመገብ

«ጠገበ» እና «ተመገበ» የሚሉት ቃላት በዕለት ንግግራችን ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይተካካሉ። ትርጉማቸውን በጥሞና ስንመረምር ግን በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት እናገኛለን። መጥገብ የሆድ መሙላት ነው፤ መመገብ ግን ሰውነት ለማደግ፣ ለመሥራትና በሽታን ለመከላከል የሚያስፈልገውን ሁሉ ማግኘት ነው። ጠዋትና ማታ ቀጭን አጥሚት ብቻ የሚሰጠው ሕፃን ይጠግባል፤ ጠግቦም ይተኛል። ሰውነቱ ግን ሳይመገብ ይውላል፤ ሳይመገብም ያድራል።

የሕፃናትን የምግብ እጥረት አስቸጋሪ የሚያደርገው ከዐይን መሰወሩ ነው። አንድ ሕፃን ከዕድሜው በታች ቢያጥር፣ የጎረቤት ልጆችም እንደ እርሱ ያጠሩ ከሆነ፣ ቤተ ሰቡ «የዘራችን ነው» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ፊቱና እግሩ ሞልቶ ሲታይ የወፈረ ይመስላል፤ ሙላቱ ግን በጽኑ የምግብ እጥረት የመጣ እብጠት ሊሆን ይችላል። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት መካከል 58ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 ዝቅ ብሏል። መሻሻሉ የሚያስደስት ቢሆንም፣ 38 ከመቶ ቀላል ቁጥር አይደለም።

እንግዲህ ዐይን የሳተውን መለኪያ ሊያገኘው ይገባል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አማካይነት፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚሠሩ ሠራተኞች ይህን ተግባር ያከናውናሉ። በመጀመሪያ ሕፃኑ በየወሩ ይመዘንና ክብደቱ በእድገት መከታተያ ካርድ ላይ በነጥብ ይመለከታል። ነጥቦቹ ሲያያዙ መሥመሩ ወደ ላይ ከወጣ ሕፃኑ እያደገ ነው፤ ከተጋደመ ወይም ካዘቀዘቀ ግን ገና ሕመም ሳይታይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ መካከል ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ባለው ጥብጣብ ይለካል። ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ቀዩ ላይ ካረፈ እጥረቱ ጽኑ ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው ቢጫ ላይ ካረፈ መካከለኛ ነው። በመጨረሻም ሁለቱ እግሮቹ በአውራ ጣት ጥቂት ሴኮንድ ይጫናሉ። ጣቱ ሲነሣ ስርጉዱ ሳይሞላ ከቆየ፣ ጥብጣቡ አረንጓዴ ቢያሳይ እንኳ ሕፃኑ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በጽኑ የተጎዳ ሕፃን የመብላት ፍላጎት ካለውና ሌላ ሕመም ካልተደረበበት፣ ከኦቾሎኒና ከወተት የተዘጋጀ ልዩ ምግብ እየተሰጠው በቤቱ ሆኖ ይታከማል። መብላት ካቃተው ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ሳይለካ የቀረ ሕፃን ሳይታከም ይቀራል።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ከፅንስ እስከ ሁለተኛው የልደት በዓል ባሉት 1000 ያህል ቀናት የአንጎልና የአካል እድገት ይፋጠናል፤ በዚህ ወቅት የጎደለውን በኋላ መተካት እጅግ ያስቸግራል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን ይፋ ሲያደርግ ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ ያተኮረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቤተ ሰብስ ድርሻ ምንድን ነው? ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ከዚያ በኋላ ከጡቱ ጋር ወፈር ያለ ገንፎ ይቅረብለት። ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ተፈጭቶ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ተደርጎበት፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ዱባ ወይም ካሮት ሲታከልበት ምግብ የሚለውን ስም በእውነት ያገኛል። «መፋፋት» ከሚለው ግሥ ስሙን ያገኘውና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተጀመረው ፋፋ ዱቄትም የተመሠረተው በዚሁ እህልንና ጥራጥሬን በማቀላቀል ዘዴ ላይ ነው። በጾም ወራት «ድስቱ ይነካካል» በሚል ሥጋት ለሕፃናት እንቁላልና ወተት የማያዘጋጁ ቤቶች አሉ። ሆኖም የጾም ሥርዓት ሕፃናትን አያስገድድም፤ ለሕፃኑ አንዲት ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ችግሩን ያቃልላል።

እናንተም ተማሪዎች በዚህ ረገድ ኃላፊነት አለባችሁ። ካርዱ ላይ ያለውን መሥመር ለማንበብ የሚያስችል ትምህርት አግኝታችኋል፤ እናቶቻችሁ ግን ይህን ዕድል ሳያገኙ ቀርተው ይሆናል። ዛሬ ቤት ስትገቡ የታናሽ ወንድማችሁን ወይም የታናሽ እኅታችሁን ካርድ ጠይቁ። ካርድ ከሌለ፣ ወይም መሥመሩ ከተጋደመ፣ ከእናታችሁ ጋር ሆናችሁ ሕፃኑን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ጠግቦ መተኛቱ አያዘናጋችሁ፤ መመገቡን አረጋግጡ።