ቫይረስና የአንጀት ትል በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ

በሐዋሳ ፒያሳ፣ በታክሲ ሰልፍም ሆነ በሱቅ ደጃፍ፣ ትከሻ ለትከሻ የሚገናኘው ሰው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ ከሐይቁ ዳር የመጣ አለ፣ ከዙሪያው ገጠር ለገበያ የገባም አለ። ከእነዚህ አንዱን የኮሮና ቫይረስ ሲይዘው በሰውነቱ ውስጥ ቀደም ብሎ የሰፈረ ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ይህም ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ አካባቢ በሚኖሩ ሰዎች ላይ በጥናት የተረጋገጠው የአንጀት ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል።

የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ወራሪን ሁሉ በአንድ መንገድ አይዋጋም። ቫይረስ በሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ስለሚራባ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት የተጠቃውን ሕዋስ ፈልገው ያጠፉታል። ትል ግን በአንድ ሕዋስ የሚዋጥ አይደለም። ስለዚህ ሰውነት የአንጀቱን ዝልግልግ ፈሳሽ ያበዛል፤ ኢኦሲኖፊል የተባሉ ሕዋሳትንም ያዘምታል። የእነዚህ ሁለት ስልቶች መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች አንዱ የሌላውን ኃይል ይቀንሳሉ። ትሉም ለዓመታት ሳይባረር ለመኖር የሥርዓቱን ቁጣ የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል።

በኮቪድ-19 ብዙዎችን ለሞት የሚያደርሰው ቫይረሱ ራሱ ብቻ ሳይሆን የሰውነት ልክ ያለፈ ቁጣም ነው። ታዲያ ትሉ ይህን ቁጣ ያበርድ ይሆን? በመቀሌ በ751 የኮቪድ-19 ሕሙማን ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በጽኑ ከታመሙት 255 ሰዎች የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የተገኘባቸው 27 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በጽኑ ካልታመሙት 496 ሰዎች ግን 257ቱ ተገኝቶባቸዋል። ውጤቱ ትኩረት የሚስብ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ክትትል የሁለቱን ነገሮች አብሮ መታየት እንጂ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። «ትል ይጠብቀኛል» ብሎ መድኃኒት መተው ትልቅ ስሕተት ነው። መንጠቆ ትል ደም ይመጣል፤ የበረደው ተከላካይ ሥርዓት ደግሞ ለክትባትም ቀዝቃዛ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ ከቢሲጂ ክትባት በፊት የትል መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ካልወሰዱት የተሻለ ምላሽ አሳይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል ነው። በባዶ እግር የሚሄድን ሰው ከአፈር ወደ ቆዳው ዘልቆ ይገባል፤ በሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካም ያለ ምልክት ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በአንድ ጊዜ የሰገራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን የኮቪድ ሕሙማን ሕይወት የሚታደግ መድኃኒት ነው፤ የሚሠራውም የተከላካዩን ሥርዓት ቁጣ በመግታት ነው። ይህን ትል በተሸከመ ሰው ላይ ግን ልጓሙን ይፈታለታል። ትሉ ያለ ገደብ ተራብቶ ወደ ሳንባ ይሰራጫል፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችንም ይዞ ወደ ደም ይገባል። ይህ በአብዛኛው ገዳይ ነው። ስለሆነም ዴክሳሜታዞንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም፤ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሕመምተኛም አይጠቅምም። በባዶ እግር የእርሻ ሥራ የሠራ፣ ወይም የሚመላለስ የቆዳ ማሳከክና የሆድ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ቢናገር፣ ሐኪሙ አይቨርሜክቲን ጨምሮ ሊያዝለት ይችላል። አይቨርሜክቲን የሚታዘዘው ለትሉ እንጂ ለኮሮና ቫይረስ አይደለም።

ወባም መዘንጋት የለበትም፤ ትኩሳቱና ራስ ምታቱ ከኮቪድ ጋር ይመሳሰላል። የወባ ምርመራ ውጤት «አለ» ማለቱ ኮቪድ የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ትኩሳት የያዘው ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂድና ሁለቱንም ይመርመር። ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ በነፃ ስልክ መስመር 8335 ይደውል።